ጥለቱ እስኪለይ ድረስ



ለጥርስ ፓኖራሚክ ራጅ የመጣ ሰው አልጋ ላይ አይወጣም። ማሽኑ ሥር ገብቶ ይቆማል፤ አገጩን ማሳረፊያው ላይ ያኖራል፤ ጫፏ ጎድጎድ ያለች የፕላስቲክ ዘንግ በፊት ጥርሶቹ ይነክሳል፤ በሁለት እጁ መያዣዎቹን ይጨብጣል። ባለሙያዋ «ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ፤ ምላስዎን ላንቃዎ ላይ ያጣብቁ፤ እንዳይንቀሳቀሱ» ብላው ትወጣና ቁልፉን ትጫናለች። ክንዱ ዝግ ባለ ድምፅ እያጉረመረመ በጭንቅላቱ ዙሪያ ይዞራል። 14 ሰከንድ ያህል ነው፤ እንደ ማሽኑ ዓይነት ከፍም ዝቅም ይላል። ዙሩ ሲያልቅ ከጆሮ እስከ ጆሮ የታጠፈው መንጋጋ እንደ ተዘረጋ ሰሌን ጠፍጣፋ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይወጣል።

አሁን አንድ ክሊኒክ አለ እንበል፤ ስሙም ከተማውም ለጉዳዩ አያስፈልግም። ጥርስ ሐኪሙ ከጥቂት ወራት ወዲህ በምስሎቹ ደስተኛ አይደለም። የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ደህና ናቸው፤ የፊቶቹ ግን ቀጥነውና ደብዝዘው ይወጣሉ። ዕቃ አቅራቢው ተጠራ። አይቶ ሲያበቃ «ሴንሰሩ አርጅቷል፤ አዲሱ ፒክስሉ የዚህ ግማሽ ነው፤ ሪዞሉሽኑ እጥፍ ይሆንላችኋል» አለ። ዋጋውንም ነገራቸው። ክሊኒኩ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምን መለካት ነበረበት? የዛሬው ዲስኩር የሚያጠነጥነው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ማሽኑ እንዴት እንደሚያይ ማወቅ ይጠይቃል። ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነው። በጥር 1896 ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ ጀርመናዊ ጥርስ ሐኪም በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ የፎቶግራፍ መስታወት አፉ ውስጥ አድርጎ የራሱን ጥርስ አነሣ። 25 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። ያም ሆኖ የታዩት ጥቂት ጥርሶች ብቻ ናቸው። መንጋጋ ክብ ነው፤ ፊልም ጠፍጣፋ ነው። መንጋጋውን ሙሉ በአንድ ምስል ማውጣት ለአሥርተ ዓመታት የማይሞከር ሆኖ ቆየ።

በ1930ዎቹ ጃፓናዊው ኑማታ ሞከረው። ነገሩን ከዳር ያደረሰው ግን የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲው ጥርስ ሐኪም ዩርዮ ፓቴሮ ነው። ፓቴሮ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሥራውን ሲጀምር ማሽኑ ቆሞ የሚዞረው ታካሚው ነበር። ኋላ ላይ ታካሚው ቆሞ ማሽኑ እንዲዞር አደረገ፤ የመዞሪያ ማዕከሉንም እንደ መንጋጋው ቅርጽ እንዲቀያየር አበጀው። በ1961 ፓሎሜክስ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ኦርቶፓንቶሞግራፍ ብሎ ለገበያ አቀረበው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጥርስ ሐኪም በብጫቂ ወረቀት «ኦፒጂ» ብሎ ሲያዝ የሚጽፈው የዚያን ማሽን ስም አሳጥሮ ነው። ፓቴሮ ማሽኑ ገበያ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ።

የፓቴሮ ብልሃት ከሩጫ ውድድር ፎቶ አንሺ ብልሃት ጋር ይመሳሰላል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከሯጩ እኩል ሲያዞር ሯጩ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ከጀርባው ያለው ተመልካች ግን ተጎትቶ ቀለም ብቻ ይሆናል። እዚህም ጨረሩ በቀጭን ስንጥቅ ወጥቶ በመንጋጋው ላይ ይጠራርጋል፤ ሴንሰሩ ደግሞ በራሱ ፍጥነት ምስሉን ይቀበላል። ከሴንሰሩ ጋር እኩል «የሚሮጠው» አንድ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ቀጠና አለ፤ ጥርሶቹ እዚያ ውስጥ ካሉ ጥርት ይላሉ። ከቀጠናው የወጣ ሁሉ ወደ ጎን ይጎተታል። ቀጠናው በመንጋጋ ጥርሶቹ ዘንድ ሰፊ ነው፤ በፊት ጥርሶቹ ዘንድ ግን ጠባብ ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ወደፊት ወይም ወደኋላ ማለት ምስሉን ያበላሻል። የክሊኒኩ ምስል ከኋላ ደህና ሆኖ ከፊት መደብዘዙ ስለዚህ ባዶ ነገር አይደለም። ፍንጭ ነው።

ሪዞሉሽን የሚባለውን ነገር ለማስረዳት ከሸማኔ የተሻለ ሰው አይገኝም። ቀጫጭን ጥቁርና ነጭ መስመር ያለበትን የነጠላ ጥለት በቅርብ ሆኖ ያየ ሰው መስመሮቹን አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ተሻግሮ ካየው ግን ጥለቱ አንድ ግራጫ ሪባን ነው። መስመሮቹ አልጠፉም፤ ዓይን መለየት አቃተው። የራጅ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መፈተሻም ጥለት ነው፦ ሁለት ፕላስቲክ መሐል የተጣበቀ ስስ የሊድ ቅጠል፣ በላዩ ላይ እየቀጠኑ የሚሄዱ መስመሮች በቡድን በቡድን የተቀረጹበት። አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ መስመር አንድ ጥንድ ይባላሉ፤ መለኪያውም በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ጥንድ ይለያል የሚል ነው። 2.5 ጥንድ ማለት እያንዳንዱ መስመር 0.2 ሚሊሜትር ወርድ አለው ማለት ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እሷ ላይ አምስት መስመር ተሰምሮ አምስቱም ተለያይተው ይታያሉ ማለት ነው።

የጀርመን የጥራት መመዘኛ ከፓኖራሚክ ማሽን የሚጠይቀው ይህንኑ 2.5 ጥንድ ነው። አፍ ውስጥ ገብቶ አንድ ሁለት ጥርስ ከሚያነሣው ትንሹ ራጅ ግን 5 ጥንድ ይጠይቃል። ፓኖራሚክ የተፈጠረው መንጋጋውን ሙሉ ለማየት ነው፤ ያልወጣ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ የት እንደተጋደመ፣ አጥንት ውስጥ ሲስት የሚባለው ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ይኑር አይኑር፣ በመውደቅ የተሰበረ መንጋጋ የት ጋ እንደተሰነጠቀ። በሁለት ጥርስ መሐል ገና የጀመረ መቦርቦርን እንዲያሳይ ከእሱ መጠበቅ አግባብ አይደለም፤ ለዚያ ትንሹ ራጅ አለ።

ወደ አቅራቢው ንግግር እንመለስ። ፒክስል ማለት ሴንሰሩ ምስሉን የሚቀበልባት አንዲት ነጥብ ናት፤ የቀድሞው ሴንሰር ፒክስል 0.1 ሚሊሜትር ነው እንበል። አንድ ጥንድ ቢያንስ ሁለት ፒክስል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ላይ ከ5 ጥንድ በላይ መለየት አይቻልም። ፒክስሉ 0.05 ሲሆን ወሰኑ 10 ይሆናል። ሒሳቡ ልክ ነው። አቅራቢው የዘለለው ግን ጨረሩ የሚፈልቅበትን ነጥብ ነው። የሻማ ጥላ ጠርዙ ስል ነው፤ የረጅሙ ፍሎረሰንት አምፖል ጥላ ግን ጠርዙ ይሟሟል። የፓኖራሚክ ቱቦ የጨረር መፍለቂያ ብዙ ጊዜ ወርዱ 0.5 ሚሊሜትር ነው፤ ምስሉ ደግሞ ከ1.2 እስከ 1.3 እጥፍ ተልቆ ይወጣል። መካከለኛውን 1.25 ብንወስድ የጥላው ጠርዝ ብዥታ 0.5 በ0.25 ሲባዛ 0.125 ሚሊሜትር ነው። ከአሮጌው ፒክስል ይበልጣል! ይህንን ብዥታ አዲሱ ሴንሰር አያጠፋውም፤ የበለጠ አጥርቶ ብዥታውን ያሳየዋል እንጂ።

ሌላም ዕዳ አለ። ፒክስሉ በርዝመትም በወርድም ግማሽ ሲሆን ስፋቱ ሩብ ይሆናል፤ የሚደርሰውም ጨረር ሩብ ነው። ዝናብ ሲጀማምር ደጅ የተቀመጡ ስኒዎችን ያየ ሰው ይህ ይገባዋል፤ አንዱ ሦስት ጠብታ፣ አጠገቡ ያለው አንድ ብቻ። ሰፊው ሳፋ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት አይታይም። በምስሉ ላይ ይህ አሸዋ የተበተነ መምሰልን ያመጣል፤ አሸዋውን ለማጥፋት ጨረር መጨመር ይመጣል። የፓኖራሚክ ጨረር ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ከተፈጥሮ አካባቢው በጥቂት ቀናት ከሚያገኘው አይበልጥም። ቢሆንም ለብሮሹር ቁጥር ተብሎ መጨመሩን የሚደግፍ ምክንያት የለም።

እንግዲህ ይለካ። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ የመስመር መፈተሻው፣ የጭንቅላቱን ውፍረት ተክቶ ቱቦው አፍ ላይ የሚደረግ ስስ የመዳብ ሰሌዳ፣ ማጣበቂያ ፕላስተር፣ ማስመሪያ፣ እና ከኩሽኔታ የወጣች 5 ሚሊሜትር የብረት ድቡልቡል። የመጨረሻዋ ዕቃ በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ሰነድ 61223-3-4 ላይ ተጠቅሳ አትገኝ ይሆናል፤ ጋራዥ ግን አትጠፋም።

ባለሙያዋ መፈተሻውን የፊት ጥርስ በሚነክሰው ጎድጓዳ ላይ ቀጥ አድርጋ ለጠፈች። ድቡልቡሏንም ከጎኑ። ታካሚ የለም፤ ማሽኑ ባዶውን ዞረ። ክፍሉ ጨለም ተደረገ፤ ምስሉ ተጎላ።

ስክሪን ላይ የወጣው ነገር አቅራቢው የነገራቸውን አይመስልም። መፈተሻው ሁለት ዓይነት መስመሮች አሉት፤ የተጋደሙና የቆሙ። የተጋደሙት በ3 ጥንድ ቡድን እንኳ ቁልጭ ብለው ይቆጠራሉ። የቆሙት ግን በ2 ጥንድ ላይ ተዋህደው ግራጫ ሆነዋል። አሁን ማሰብ ነው። ሴንሰሩ አርጅቶ ቢሆን ወይም የቱቦው መፍለቂያ ሰፍቶ ቢሆን ሁለቱም አቅጣጫ በደበዘዘ ነበር። አንዱ ብቻ፣ ያውም ክንዱ በሚዞርበት አቅጣጫ ያለው ብቻ መደብዘዙ እንቅስቃሴውን ወይም ቦታውን ይከሳል። ከቀጠናው የወጣ ነገር ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አይጎተትምና።

ድቡልቡሏ ደግሞ ድቡልቡል አልሆነችም። ቁመቷ 6.2 ሚሊሜትር ያህል፣ ወርዷ 5 ብቻ፤ እንቁላል መስላለች። ከቀጠናው ወጥቶ ወደ ሴንሰሩ የተጠጋ ነገር ይቀጥናል፤ ወደ ቱቦው የሸሸ ይሰፋል። ቀጭኗ እንቁላልና የታካሚዎቹ ቀጫጭን የፊት ጥርሶች አንድ ነገር ይናገራሉ፦ የሚነከሰው ዘንግ ከቦታው ወደፊት ተንሸራቷል።

መቸኮል ግን አያስፈልግም። ባለሙያዋ መፈተሻውን በማስመሪያ እየለካች 2 ሚሊሜትር ወደኋላ አደረገችና ደገመች፤ ከዚያ 4፤ ከዚያ 6። በ4 ሚሊሜትሩ ላይ የቆሙት መስመሮች ተለያዩ። በ6 ላይ እንደገና ተዋሃዱ። ቀጠናው በሕይወት አለ፤ ዘንጉ ነው የሳተው። የኋላውን ለማጣራት መፈተሻው ወደ መንጋጋ ጥርሶች ቦታ ዞሮ ተለጠፈ፤ በዚያ ያለው ቀጠና ሰፊ ስለሆነ 4 ሚሊሜትር መሳቱ እምብዛም አልጎዳውም። ለዚህም ነው ሐኪሙ ስለ ኋላ ጥርሶች ቅሬታ ያልነበረው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበትን አንድ ወጥመድ መጥቀስ ግድ ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ ስስ ጨርቅ ነው። ፀሐይ ላይ ከፍ አድርጎ ለያዘው፣ ሁለቱ ድር ሲንሸራተቱ እንደ ውሃ ሞገድ ያለ ሰፋፊ ጥላ ይታያል። ሸማኔው ያንን ሞገድ አልሠራውም፤ ሁለት ጥቃቅን ድር ሲደራረቡ የፈጠሩት የውሸት ጥለት ነው። በመፈተሻውም እንዲሁ ይሆናል። መስመሮቹ ከፒክስሉ ወሰን በላይ ሲቀጥኑ የመስመሮቹ ድርና የፒክስሎቹ ድር ተደራርበው የውሸት መስመር ያወጣሉ፤ ከእውነተኛው ያነሱና የሰፉ መስመሮች። «መስመር ይታያል፣ አለፈ» ብሎ የሚፈርም ሰው ማሽኑ የሌለውን አቅም ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። በቡድኑ ውስጥ ስንት መስመር እንዳለ አስቀድሞ አውቆ መቁጠር፤ አራት ሊሆኑ ሲገባ ሦስት ከወጡ ያ ቡድን ወድቋል። ሁለተኛው፣ መፈተሻውን 45 ዲግሪ አጋድሞ መድገም።

መቁጠር በዓይን የሚሠራ ነውና ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ የፊዚክስ ባለሙያዎች ኤም ቲ ኤፍ የሚባለውን መለኪያ ይመርጣሉ፤ ጠርዙ ስል የሆነ የተንግስተን ሰሌዳ ጥቂት ዘንበል አድርገው ያነሡና ከጥቁር ወደ ነጭ የሚደረገው ሽግግር ምን ያህል እንደተንሸራሸረ ኮምፒውተሩ ያሰላል። ውጤቱ በየመስመሩ ቅጥነት ስንት ከመቶ ንፅፅር እንደተረፈ የሚያሳይ ኩርባ ነው። ለፋብሪካና ለምርምር ግሩም ነው። ለክሊኒክ ግን፣ በዚህ ዲስኩር አቅራቢ አስተያየት፣ በየወሩ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ የሚነሣ የመስመር መፈተሻ በዓመት አንዴ ከሚመጣ ውብ ኩርባ ይልቅ ይጠቅማል።

ማሽኑ ደህና ሆኖም ሰው ምስሉን ሊያበላሸው ይችላል። አገጭ ሲወርድ የጥርሱ መስመር እንደ ፈገግታ ይታጠፋል፤ ሲነሣ ያኮርፋል። በዙሩ መሐል ትከሻው በማሽኑ ተነክቶ የደነገጠ ሰው የታችኛው አጥንቱ ጠርዝ የተቆረሰ እንጀራ ይመስላል። ጉትቻ ደግሞ የተለየ ቀልድ አለው፤ በራሱ ቦታ አንዴ፣ በተቃራኒው ወገን ከፍ ብሎ ደብዝዞ ሌላ ጊዜ ይወጣል፤ ያልለመደ ሐኪም ምን እንደሆነ ሲጨነቅ ይቆያል። በአንገት የሚንጠለጠል መስቀል ብረት ከሆነ ከፊት ነጭ ሆኖ ያርፋል። የማተቡ ክር ራሱ እምብዛም አይታይም፤ አውልቁ ሲባሉ ቅር የሚላቸው እናቶች መስቀሉን ብቻ ፈትተው ቢይዙ ይበቃል።

ከዚያ ስክሪኑ አለ። 15 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ምስል በ0.1 ሚሊሜትር ፒክስል 1500 በ3000፣ ማለትም 4.5 ሚሊዮን ነጥብ ነው። በየቢሮው ያለው የተለመደ ስክሪን 1920 በ1080፣ 2 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ያሳያል። ሙሉ ምስሉን በአንድ እይታ የሚያይ ሐኪም ከግማሽ በላዩን አላየም፤ ማጉላት አለበት። መስኮቱ ክፍት ሆኖ የቀትር ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ካረፈ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ነው። ይህ ሁሉ ሳይበቃ ምስሉ በስልክ ካሜራ ከስክሪኑ ላይ ተነሥቶ በቴሌግራም ይላካል። ቴሌግራም ፎቶ ብለው ሲልኩት ያሳንሰዋል፤ ፋይል አድርገው ሲልኩት ግን እንዳለ ያደርሰዋል። ውጭ አገር ካለ ሐኪም ምክር የሚፈልግ ቤተሰብ ይህችን ቢያውቅ ይጠቀማል።

ክሊኒኩ በመጨረሻ ምን አደረገ? የሚነከሰው ዘንግ የተሰካበትን ክንድ ሽፋን ፈቱት። ከሥሩ ሁለት ብሎኖች ነበሩ፤ አንዱ ላልቷል። ታካሚዎች ሚዛን ለመጠበቅ ዘንጉን ይጎትቱ ስለነበር ክንዱ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ወደፊት መጥቷል። በፋብሪካው ምልክት ላይ መልሰው አጠበቁት። መፈተሻውና ድቡልቡሏ እንደገና ተለጠፉ፤ ማሽኑ ዞረ። የቆሙት መስመሮች በ2.5 ተለዩ፣ በ3ም ተለዩ። ድቡልቡሏ ቁመቷም ወርዷም 6.2 ሆነ፤ 5 በ1.25 ሲባዛ 6.25 ነውና ያ ልኳ ነው።

ባለሙያዋ ምስሉን ከነቀኑ አስቀመጠችው፤ የሚቀጥለው ወር ምስል ከእሱ ጋር ይነጻጸራል። ከዚያ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣችና ክንዱና መያዣው በሚገናኙበት ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ሳበች። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ማሽኑን ከማብራቷ በፊት የምታየው እሷን ነው፤ መስመሯ ለሁለት ተሰብራ ከተገኘች ታካሚ አይገባም።